ንቅሳት እንደ ቤተሰብ ታሪክ ምንጭ፦ ለሐዋሳ አዲስ ከተማ አጥኚዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከስም ነው። መጠሪያችን የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም አከታትሎ ስለሚይዝ ሦስት ትውልድ ያለ ምንም ሰነድ ይታወቃል። በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር የተለመደ መሆኑም ይህን ሰንሰለት ያረዝመዋል። ይሁን እንጂ የስሙ ሰንሰለት የአባቶች ሰንሰለት ነው። እናት በልጇ መጠሪያ ውስጥ ቦታ የላትም፤ የሴት አያት ስምም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከአንደበት ሊጠፋ ይችላል። ርስት በእናትም በአባትም በኩል ይቆጠር በነበረባቸው የሰሜን አካባቢዎች እንኳ ሴቲቱ የምትነሣው መሬቱ በእርሷ በኩል ስላለፈ እንጂ የት አደገች፣ ስንት ጊዜ አገባች፣ ምን ደረሰባት ተብሎ አልነበረም።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከሚረዱ ምንጮች አንዱ በብዙ እናቶችና አያቶች ግንባር፣ አንገት፣ ድድና እጅ ላይ የሚታየው ንቅሳት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የንቅሳትን ማኅበራዊ ታሪክ ማወቅ ለቤተሰብ ታሪክ ጥናት ምን እንደሚጨምር ማብራራት ነው። የሚያቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፦ ንቅሳት እንደ ሰነድ ራሱን ችሎ የሚነበብ ምልክት አይደለም፤ ማኅበራዊ ታሪኩን ለሚያውቅ አጥኚ ግን ሌላ ምንጭ የማያስነሣቸውን ጥያቄዎች ያስነሣል፤ ጥያቄዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሩት ወደ ሴቶች ሕይወት ነው።

ጥያቄው በሐዋሳ ለምን ይከብዳል?

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ቦታው የሲዳማ ሕዝብ መኖሪያ ሲሆን አዳሬ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ከከተማይቱ የመጀመሪያ ነዋሪዎች መካከል መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩ ጡረተኛ ወታደሮች ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ንግድ፣ የመንግሥት ሥራ፣ ፋብሪካና ትምህርት ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች ብዙ ሰው ስበዋል። ስለዚህ ከስምንቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነው በአዲስ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ የቤተሰቡን ታሪክ ልጻፍ ቢል፣ በአብዛኛው የሚገጥመው ከሁለት ወይም ከሦስት ትውልድ በፊት ከሌላ ስፍራ የመጣ ቤተሰብ ነው። አያቱን የሚያውቁ ጎረቤቶች፣ የተዳረችበት ቤት፣ ክርስትና የተነሣችበት ደብር ሁሉም ሩቅ ናቸው።

የጽሑፍ መረጃም ቢሆን ስስ ነው። ከተማይቱ በተቆረቆረችበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ድንጋጌው ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ 56 ዓመታት ውስጥ የተወለዱ፣ ያገቡና የሞቱ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን በመደበኛ የኩነት መዝገብ ላይ አይገኙም። በገጠር ተወልዳ በከተማ ያረጀች ሴት ደግሞ ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ላይኖራት ይችላል። ወረቀት በሌለበት ግን አካሏ ላይ የቀረ ምልክት ሊኖር ይችላል።

የንቅሳት ማኅበራዊ ታሪክ በአጭሩ

በኢትዮጵያ ንቅሳት ይበልጥ የሚታወቀው በትግራይና በአማራ ሴቶች ዘንድ ነው። ሙያው በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚገኝበት ዘመን ቢያንስ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ሀገራችን ገብቶ ዓመታት የቆየው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ በ1853 በለንደን ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግራይ ሴቶች ይነቀሱ እንደነበርና ድዳቸውንም ያስጠቁሩ እንደነበር ገልጿል።

ንቅሳት የሚከናወነው በእጅ ሙያዋ በታወቀች ነቃሽ ነው። ቆዳው በእሾህ ወይም በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት ከዕፅ ጭማቂ ጋር ተለውሶ ይገባበታል፤ ቁስሉ ሲድን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መሳይ ጥቁር መልክ ይዞ ይቀራል። በአንገት ላይ እንደ ድሪ የሚደረደሩ መስመሮች፣ በግንባር ላይ መስቀል፣ በአገጭና በጉንጭ ላይ ነጠብጣቦች፣ በእጅ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጾች የተለመዱ ናቸው። ድድን መነቀስ ደግሞ ጥርስን አንጽቶ ስለሚያሳይ እንደ ውበት ይቆጠራል። ንቅሳትን ከብጣት መለየት ያስፈልጋል። ብጣት ቆዳን በስለት በመብጣት የሚተው ጠባሳ ነው፤ በቅንድብ አካባቢ የሚታዩት አጫጭር ሰረዞች ብዙ ጊዜ ለዓይን ሕመም ተብለው የተበጡ ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የመዘገበ አጥኚ የውበትን ታሪክ ከሕክምና ታሪክ ጋር ያደባልቃል።

የንቅሳት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ውበት ነው፤ ልጃገረድ ለጋብቻ ስትታጭ ወይም ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ የምትነቀስበት ልማድ ሰፊ ነበር። ሁለተኛው እምነት ነው፤ የግንባር መስቀል፣ እንደ አንገት ማተብ ሁሉ፣ የክርስትና መታወቂያ ተደርጎ ይታያል። ሦስተኛው መከላከያና መድኃኒት ነው፤ መስቀሉ ከቡዳና ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል፤ የድዱ ንቅሳት ድድን ያጠነክራል፣ የአንገቱ ደግሞ እንቅርትን ይከላከላል የሚሉም አሉ። በደጋው የአዮዲን እጥረት የሚያስከትለው እንቅርት ከፍተኛ የጤና ችግር ሆኖ መቆየቱ ሲታሰብ ይህ ማብራሪያ ችላ የሚባል አይደለም።

ልማዱ እየቀነሰ የመጣውም በማኅበራዊ ምክንያት ነው። የዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት፣ የከተማ ኑሮ፣ ንቅሳትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አንዱ አድርጎ የቆጠረው የጤና ትምህርት፣ በተለይም በጋራ መርፌና ስለት ስለሚተላለፈው ኤች.አይ.ቪ. የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ወጣቶችን ከባህላዊው ንቅሳት አርቋቸዋል። ዛሬ በከተሞች የሚታየው የማሽን ንቅሳት በመሣሪያውም፣ በተነቃሹም፣ በምክንያቱም ሌላ ታሪክ ያለው ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት ተነቅሳ፣ እናት ሳትነቀስ ቀርታ፣ የልጅ ልጅ በክንዷ ላይ በማሽን ብትነቀስ፣ በሦስቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የቤተሰቡን የኑሮ ለውጥ የሚያሳይ መረጃ ነው።

የሌላው ዓለም ተሞክሮ

በሌሎች ሀገሮች ንቅሳት ለቤተሰብ ታሪክ የገባው በአብዛኛው በመንግሥት ወረቀት በኩል ነው። በብሪታንያ የ«ዲጂታል ፓኖፕቲኮን» ተመራማሪዎች ከ1793 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ከተጻፉ የእስረኞች መዝገቦች ውስጥ ከ58 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች አካል ላይ የነበሩ ንቅሳቶችን ለይተው አጥንተዋል። ጸሐፊዎቹ ምልክቱን የመዘገቡት እስረኛው ቢያመልጥ ወይም ስሙን ቢለውጥ ለመለየት ነበር። ጥናቱ የወንጀለኝነት ምልክት ይሆናሉ ተብለው ይጠበቁ የነበሩት ንቅሳቶች ከፍ ባለ መጠን የፍቅር፣ የዘመድ ስም፣ የሃይማኖትና የሙያ ምልክቶች መሆናቸውን አሳይቷል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1796 ጀምሮ ለባሕረኞች ይሰጥ በነበረው የዜግነት ማረጋገጫ ላይ የአካል ምልክቶች ይጻፉ ስለነበር፣ ስለ እነዚያ ሰዎች ሌላ ጽሑፍ ባይገኝም በክንዳቸው ላይ የማን ስም እንደነበረ ይታወቃል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኢየሩሳሌም ምሳሌ ነው። በጥንታዊቱ ከተማ የሚኖረው፣ ከግብፅ የመጣው የራዙቅ ቤተሰብ ለተሳላሚዎች ንቅሳት በመሥራት የታወቀ ነው። ንድፉ ከእንጨት በተቀረጸ ማኅተም በቆዳ ላይ ታትሞ ከዚያ በመርፌ ይሞላል። ጆን ካርስዌል እ.ኤ.አ. በ1956 እነዚህን ማኅተሞች በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል። ከደንበኞቹ መካከል ግብፃውያን፣ አርመኖች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ተሳላሚዎች ከመስቀሉ ሥር የተሳለሙበትን ዓመት ማስነቀስ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ አያት ያለው ቤተሰብ በእጁ ላይ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ዘመድ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ከሌሎቹ ንቅሳቶች ሁሉ ይልቅ ለሰነድ የቀረበ ነው።

የእነዚህ ሀገሮች ተመራማሪ ወረቀቱ አለው፤ ቆዳው ግን ከሰውየው ጋር ጠፍቷል። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቆዳውም ባለቤቷም በሕይወት አሉ፤ ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ የእነርሱን ዘዴ እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ የእኛ ጥናት ከመዝገብ ቤት ይልቅ ከጭውውት የሚጀምር ነው።

አንድ ምልክት፣ ብዙ ታሪክ

ንቅሳትን እንደ መዝገበ ቃላት «ይህ ቅርጽ ይህን ያመለክታል» ብሎ መተርጎም ትልቁ ስሕተት ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የቤተ እስራኤል ሴቶች ጉዳይ ነው። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ባጓጓዘው የሰለሞን ዘመቻ፣ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ከሄዱት ሴቶች መካከል በግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ነበሩ። ምልክቱን ብቻ ያየ አጥኚ ቤተሰቡን ክርስቲያን ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። የሴቶቹ ማብራሪያ ግን ይለያያል፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ተመሳስሎ ለመኖር፣ ለጌጥ ወይም ለሕመም መድኃኒት እንደሆነ ይናገራሉ። በአንድ ሀገር ጥበቃ የነበረው ምልክት በሌላው ሀገር ማሳፈሪያ ሆኖ በሌዘር ለማስጠፋት የፈለጉም አሉ። እዚህ ላይ ዋናው ታሪክ ያለው በመስቀሉ ቅርጽ ላይ አይደለም፤ መስቀሉ በተነቀሰበትና በጠፋበት ምክንያት ላይ ነው።

ሁለተኛው የአርመን ሴቶች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 እልቂት ተርፈው በበረሃው ማኅበረሰቦች ውስጥ የኖሩ አርመናውያን ሴቶችና ልጃገረዶች ፊታቸውንና እጃቸውን በአካባቢው ልማድ ተነቅሰዋል። ብዙዎቹ ወደ ወገናቸው ከተመለሱ በኋላ ስለ ምልክቱ መናገር አልፈለጉም። ሱዛን ካርዳሊያን እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበችው ዘጋቢ ፊልም የገዛ አያቷን ንቅሳት ተከትላ ቤተሰቡ ለአሥርተ ዓመታት ያልተናገረውን ታሪክ ፈልጋለች። በቤተሰቡ ሁሉ ፊት የነበረ ምልክት ሳይጠየቅ ቀርቶ ነበር።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ንቅሳት የብሔር፣ የሃይማኖት ወይም የትውልድ ስፍራ ማረጋገጫ አለመሆኑ ነው። ነቃሽ ከመንደር መንደር ትዘዋወራለች፤ ሙሽራ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ለመመሳሰል ልትነቀስ ትችላለች፤ በገበያ ያየችውን ቅርጽ ወዳ የምታስነቅስም አለች። ዘዴውን ንቅሳት ልማድ ባልሆነበት ቤተሰብ ላይ መጫንም አይገባም። ለምሳሌ የሐዋሳ አካባቢ ነባር የሆነው የሲዳማ ቤተሰብ የዘር ሐረጉን በጎሳ ቆጠራ በቃል ያስተላልፋል፤ እዚያ የሚጀመረው ከሽማግሌዎች ቃል ነው።

ከምልክት ወደ ጥያቄ

ለቤተሰብ ታሪክ የሚጠቅመው አሠራር በአራት ደረጃ ሊከፈል ይችላል።

አንደኛ፣ ማየትና መግለጽ። ንቅሳቱ በየትኛው የአካል ክፍል ላይ ነው? ስንት መስመር ወይም ስንት ነጠብጣብ አለው? መልኩ ደምቋል ወይስ ደብዝዟል? ሁሉም በአንድ እጅ የተሠራ ይመስላል? ቀለም በዕድሜ፣ በፀሐይና በተወጋበት ጥልቀት ስለሚለያይ ዕድሜውን ከድምቀቱ ብቻ መገመት አይቻልም። የሁለት ምልክቶች አሠራር መለያየት ግን በሁለት ጊዜ መነቀስን ሊጠቁም ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ድርጊቱ መጠየቅ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ለጌጥ ነዋ!» የሚል አጭር መልስ ያስገኛል። «እማማ፣ የነቀሰዎት ማን ነበር? ሲነቀሱ ማን ያዘዎት? የማን ቤት ነበር? ከእርስዎ ጋር ማን ተነቀሰ? ለነቃሿስ ምን ተከፈላት?» የሚሉት ግን ሰዎችንና ስፍራዎችን ያስጠራሉ። ሕመሙ የማይረሳ ስለሆነ በዕለቱ የነበሩ ሰዎችም አብረው ይታወሳሉ።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን መወሰን። ተነቃሿ ዓመተ ምሕረቱን ባታውቅ የጋራ ትዝታ ከሆኑ ክስተቶች ጋር ማያያዝ ይቻላል፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከዘለቀው የጣሊያን ወረራ፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከጋብቻ፣ ከመጀመሪያው ልጅ ወይም ወደ ሐዋሳ ከመምጣት በፊት ነው?

አራተኛ፣ በሌላ ምንጭ ማመሳከር። የክርስትና ስምና የክርስትና እናት፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የወታደር ጡረታ ወረቀት፣ በሌላ ስፍራ የሚኖሩ እኅቶች ምስክርነት ይጠቅማሉ። በከተማ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የእድር መዝገብ ነው። እድር ለየትኛው ዘመድ ሞት ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስነው የአባሉን ቤተሰብ በመመዝገብ ስለሆነ፣ የእናትና የአማት ስም ከዚያ ሊገኝ ይችላል።

የሚከተለው ምሳሌ ዘዴውን ለማሳየት የታሰበ እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በአዲስ ከተማ የሚኖሩ አንዲት አያት በግንባራቸው ላይ የደበዘዘ መስቀል፣ በአንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ የደመቀ ንቅሳት አለ እንበል። ቤተሰቡ የሚያውቀው «ከጎጃም መጡ» የሚለውን ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው የትኛው እንደሚቀድም ስትጠይቃቸው፣ መስቀሉ በሕፃንነታቸው ታመው ሳሉ በአክስታቸው ቤት፣ የአንገቱ ደግሞ ከታጩ በኋላ በአማታቸው መንደር የተነቀሰ መሆኑን ይነግሯታል። ከአንድ ጥያቄ ሁለት መንደሮች፣ አንዲት አክስት፣ አንዲት አማትና አንድ የልጅነት ሕመም ተገኙ። ለምን በእናታቸው ቤት እንዳልነበሩ ሲጠየቁ ደግሞ እናታቸው በወሊድ መሞታቸው ሊነገር ይችላል። ንቅሳቱ እነዚህን አልመሰከረም፤ እንዲጠየቁ ግን ምክንያት ሆኗል።

ጥንቃቄ

ንቅሳት የሚገኘው በሰው አካል ላይ ስለሆነ አጥኚው የቅርብ ዘመድ ቢሆን እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታው ነው። አንዳንድ እናቶች በንቅሳታቸው ይኮራሉ፤ ሌሎች በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው የተደረገባቸው በመሆኑ ያዝናሉ፤ በከተማ ሲሾፍባቸው የኖሩም በነጠላ ይሸፍኑታል። ሰው ያልገለጠውን አንገት ፎቶግራፍ ማንሣት ጥናት አይሆንም። ንቅሳት ሃይማኖትንና የመጡበትን አካባቢ ሊጠቁም ስለሚችልም ምስሉን ከስም ጋር ማሠራጨት ባለቤቲቱን ሊጎዳ ይችላል። የተሻለው አሠራር ምልክቱን በቃላትና በእጅ ንድፍ መግለጽ፣ ምስል ካስፈለገም ፊትን ሳያሳዩ በፈቃድ ማስቀመጥ ነው። ጭውውቱ ጋብቻን በግዳጅ፣ ጠለፋን ወይም የልጅ ሞትን ካስነሣ፣ መናገርም ዝም ማለትም የተናጋሪዋ መብት ነው፤ ዝምታዋም እንደ ዝምታ ይመዘገባል።

ማጠቃለያ

የንቅሳት ማኅበራዊ ታሪክ ለቤተሰብ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ይጨምራል። በስም ሰንሰለት ውስጥ ለማይገቡ ሴቶች፣ ማለትም ለእናት፣ ለአክስት፣ ለአማትና ለነቃሽ፣ ቦታ ይሰጣል። የአንድን ቤት ታሪክ ከውበት፣ ከእምነት፣ ከሕክምናና ከስደት ሰፊ ታሪክ ጋር ያገናኛል። እንደ ሐዋሳ ባሉ የመጤ ከተሞች ደግሞ ከትውልድ መንደር የራቀ ቤተሰብ አብሮት ያመጣውን ማስረጃ እንዲያስተውል ያደርጋል።

ይህ ምንጭ ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ወረቀት በመዝገብ ቤት አጥኚውን ሊጠብቅ ይችላል፤ ንቅሳት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በእጅ እሾህና ጥላሸት የተነቀሰው ትውልድ ዛሬ በአብዛኛው በእርጅና ዕድሜ ላይ ይገኛል። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ለማጥናት ያሰበ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመዝገብ ቤት በፊት ወደ አያቱ ቢሄድ፣ ከዘር ቆጠራው በፊትም «ይህን ሲነቀሱ ማን አብሮዎት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የስም ዝርዝር የማይሰጠውን መረጃ ሊያገኝ ይችላል።